የኬብሮን ግራ ቅንድብ

ባለቤቴ ኬብሮን ያረፈችው ዓርብ መጋቢት 9 ቀን 2081 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። ሰዓቱን ያየሁት ከክሊኒኩ ግድግዳ ነው፤ እጇን እንደያዝኩ ነበር። ሦስት ሰዓት ከሃያ አራት ላይ ስልኬ ነዘረ። መልእክቱ የሰውን ሁሉ ፎቶ ከሚይዘው ከምስል ማኅደሩ ነበር። «በደረሰብዎ ሐዘን አዝነናል። ለድንኳኑ የሚሆን ምስል መርጠንልዎታል» ይላል። አራት ደቂቃ ነው የፈጀባቸው። እኔ እጇን ገና አልለቀቅሁም።

ድንኳኑን ቅሬያችን ተከለ። ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። የእኛው በኮምቦልቻ ከወንዙ ማዶ ያለውን ሰፈር፣ እስላም ክርስቲያኑን አንድ ላይ ይቀብራል፤ መቶ ስልሳ ሦስት አባላት አሉት። ድንኳኑ ውስጥ ስምንት ወንበርና አንድ ትልቅ ስክሪን አለ። ስምንት ወንበር ይበቃል። ለቅሶ የሚደርስ ሰው ቤቱ ሆኖ «ደርሻለሁ» የሚለውን ቁልፍ ይጫናል፣ ፊቱም ስክሪኑ ላይ ከሌሎቹ ጋር ይደረደራል። ማኅደሩ የማንንም ፊት ሳያሳምር አያሳልፍም። የሚያለቅስ ፊት ደግሞ ለእሱ የተጨማደደ ፊት ስለሆነ አስተካክሎ ነው የሚያቀርበው። ለሦስት ቀን መቶ አርባ ሰው ፈገግ ብሎ አጽናናኝ።

መሃል ላይ ኬብሮን ነበረች። ማለቴ፣ ኬብሮን ናት የተባለች ሴት።

ኢክራም ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤታችን ናት። ቁልፍ መጫን ስለማትወድ በእግሯ መጣች። ድንኳኑ ውስጥ ገባች፣ ስክሪኑን አየች፣ «ይቅርታ፣ ቤት ተሳሳትኩ» ብላ ወጣች። ከአፍታ በኋላ ተመልሳ አንገቷን አስገባች።

«ያፌት፣ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ይቺ ማናት ታዲያ?»

«ኬብሮን ናት ይላሉ።»

ጠጋ ብላ አየቻት። «ቅንድቧስ?»

«አስተካክለውታል።»

«ማን አስተካክሉ አላቸው?» አለችና ለስክሪኑ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች። ሦስቱንም ቀን ያለቀሰችላት ጀርባዋን እንደሰጠች ነው።

ስለ ቅንድቡ መናገር አለብኝ። በ2046 ሁለታችንም ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበርን፤ እሷ ጥራት ተቆጣጣሪ፣ እኔ ጥገና። አንድ ቀን የማሽን ቀበቶ ቀየርኩ። በደንብ ሳላጠብቀው ለምሳ ወጣሁ። ስመለስ ቀበቶው ተፈትልኮ የአንዲት ልጅ ግራ ቅንድብ መትቷል፤ ሰባት ቦታ ሰፉላት። ለአንድ ወር በየቀኑ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። በሠላሳ አንደኛው ቀን «ይቅርታህን ጨርስና ሻይ ጋብዘኝ» አለችኝ። ቅንድቡ ለሁለት ተከፍሎ ቀረ። ስትቆጣ የውጭኛው ቁራጭ ብቻውን ይነሳል። ሠላሳ አራት ዓመት በትዳር ስንኖር፣ ምን እንዳጠፋሁ ከመስማቴ በፊት እሱን አይቼ አውቅ ነበር።

ስልኮች ፎቶ ማስቀመጥ ካቆሙ ቆይቷል። ሰው ፎቶ ሲያነሳ ቀጥታ ማኅደር ይገባል፣ አምሮ ይመለሳል። ማኅደሩ በየጊዜው ወደ ኋላ እየሄደም አሮጌዎቹን ያድሳል። በሠርጋችን ፎቶ ላይ የነበረው ጠባሳ በ2063 ጠፋ። የእኔም በራ በዚያው ዓመት ጸጉር አበቀለ። እሱን አልተቃወምኩም።

ኬብሮን ግን ተቃወመች። መሳቢያ ውስጥ የነበረውን አሮጌ ስልኳን አወጣች፤ ፎቶ በሆዱ የሚይዝ ዓይነት ነው። ከዚያ ፓይተን የሚባለውን የድሮ የኮምፒውተር ቋንቋ ብቻዋን ተማረች። በዚያን ጊዜ ኮድ በእጅ መጻፍ ጥጥ በእጅ እንደ መፍተል ነበር፤ የሚያውቅ ያደንቃል፣ የሚያደርገው ግን የለም። ስምንት ወር ፈጅቶባት ሙዳይ ያለቻትን ትንሽ መተግበሪያ ሠራች። ሙዳይ የምታሳየው እዚያው ስልክ ውስጥ፣ አንድ አቃፊ ውስጥ ያሉ ፎቶዎችን ነው። ማኅደሩ አያያትም፣ እሷም ማኅደሩን አትጠይቅም። እኔ እስቅባት ነበር። ስልሳ ሁለት ፎቶ አለ፤ በስልሳ ሁለቱም ቅንድቡ አለ።

በሰባተኛው ቀን ሁለተኛ መልእክት መጣ። በአርባኛው ቀን የሟች ምስሎች ሁሉ ወደ አንድ ቋሚ ገጽ እንደሚዋሐዱ ያስታውቃል። ከዚያ በኋላ የትም ስክሪን ላይ ስሟ ሲጠራ የሚወጣው ያ ፊት ብቻ ነው፤ አቤቱታም የለም። ያ ፊት የትኛው እንደሆነ ለማሳየት ምስሉን አያይዘዋል። ድንኳኑ ውስጥ የነበረችው ሴት ናት።

ቀበሌ ሄድኩ። የምስል ጉዳይ መስኮት ላይ ያለችው ሽታዬ የምትባል ልጅ ናት፤ እንደ ዘመኑ ልጆች ሁሉ የድሮ አያቶች ስም ነው ያላት። የመስኮቱ መስታወት ራሱ ሰው ያሳምራል። በመስታወቱ በኩል «ምን ልርዳዎ ወንድሜ» አለችኝ። ወረቀት ልቀበል ጎንበስ ስል በቀዳዳው አየችኝና «አባባ» አለች።

«የባለቤቴ ፊት ተሳስቷል» አልኳት።

«ማኅደሩ አይሳሳትም አባባ። ምናልባት ትዝታዎ ይሆናል።»

«ትዝታ አይደለም፣ ፎቶ ነው። ይኸውና፣ ላሳይሽ።» አሮጌውን ስልክ ከፍ አደረግኩት። ልጅቷ ዓይኗን በሁለት መዳፏ ሸፈነች።

«አባባ፣ ያስቀምጡት። ከማኅደር ያልመጣ ምስል ለማየት በዚህ መስኮት ፈቃድ የለኝም።»

«ትንሽ ብቻ እይው።»

«ባየው እኔም መመዝገብ አለብኝ። አስቀመጡት?»

«አስቀመጥኩት።»

ዓይኗን ገለጠችና ደንቡን አነበበችልኝ። መቃወም ይቻላል። አሥራ ሁለት የቅሬ አባላት ምስሉን በየስልካቸው ተቀብለው፣ «አዎ፣ ይህ የሟች ፊት ነው» ብለው መፈረም አለባቸው። እስከ አርባኛው ቀን ድረስ።

«አሁኑኑ ልኬላቸው እመለሳለሁ» አልኳት።

«በተለመደው መንገድ ከላኩት በማኅደሩ በኩል ነው የሚያልፈው። አምሮ ይደርሳቸዋል።»

«ታዲያ በምን ልላከው?»

«ደንቡ በምን እንደሚላክ አይልም» አለች። እንደ ማዘን አለችና መስታወቱ ፈገግታ አደረገው።

ቤት ገብቼ ሙዳይን ከፈትኩ። ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር «አጋራ» የሚል ቁልፍ አለ። ስነካው ምንም አይሆንም። ኬብሮን አልጨረሰችውም። ቢሠራ ግን ሙዳይ ማኅደሩን ስለማትጠይቅ ፎቶው ሳያምር ከስልክ ወደ ስልክ ይደርሳል። ስለዚህ እኔ ልጨርሰው ነው። ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ በሕይወቴ የጠገንኩት ማሽን እንጂ ቋንቋ አይደለም።

ኮዱን ስከፍት የመጣልኝ የእሷ ድምፅ ነው። በየመስመሩ መሃል ለራሷ ማስታወሻ ጽፋለች። ከማሳያው ክፍል በላይ «ፎቶውን ከአቃፊው አንሳ፣ አትንካው፣ አታሳምረው» ይላል። ትንሽ ዝቅ ብሎ «ይሄን ክፍል ሁለት ሌሊት አልቅሼበታለሁ፣ አሁን ደህና ነው» ይላል። ከዚያ ደግሞ «ያፌት፣ ይሄን ከነካህ አንተው ትጠግነዋለህ።» ይህን የጻፈችው ኮዱን ከፍቼ እንደማላውቅ እያወቀች ነው። ከአጋራ ቁልፍ በላይ ያለው አጭር ነው፤ «ይሄ ይቆይ።»

የማንበቡን ነገር ከእሷ ማስታወሻዎች ተማርኩ። እሷ ምን ልትሠራ እንዳሰበች ማስታወሻው ይነግረኛል፣ ከሥሩ ያለው መስመር ደግሞ እንዴት እንደሠራችው ያሳየኛል። ማሽንም የተማርኩት እንደዚያው ነው፣ አንድ የሚሠራ ማሽን ፈትቼ።

በሃያ አንደኛው ቀን አበላሸሁት። ፎቶዎቹ ያሉበት አቃፊ ስሙ «ኬብሮን» ነው። የሞተ ሰው ስም እንዲሁ በባዶው ሲጠራ ደስ አላለኝምና «ነፍሷን ይማር ኬብሮን» ብዬ ቀየርኩት። ሙዳይን ስከፍት ስልሳ ሁለቱም ፎቶ ነጭ አራት ማዕዘን ሆኗል። ከሥር የእሷ ጽሑፍ ብቅ አለ፤ «አቃፊው የለም። ምን አደረግህ?»

ቁጭ ብዬ ያንን ጽሑፍ ለረጅም ጊዜ አየሁት። በሃያ አንድ ቀን ውስጥ ያናገረችኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

አምስት ቀን ፈለግኩ። መንስኤውን ያገኘችው ኢክራም ናት፤ ሻይ ይዛልኝ መጥታ በትከሻዬ ላይ እያየች ነበር።

«ድሮ ምን ነበር የሚለው?»

«ኬብሮን ብቻ።»

«እና ማን ነግሮት ነው መሞቷን የሚያውቀው?» አለች። «ይሄ የሚፈልገው የሚያውቃትን ኬብሮን ነው። መልሰው።»

መለስኩት። ስልሳ ሁለቱም ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ በሙዳይ ውስጥ ኬብሮን ነፍስ ይማር አይባልባትም።

እሁድ ሚያዝያ 16፣ በሠላሳ ስምንተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የአጋራ ቁልፉ ሠራ። የጻፍኩት አሥራ አራት መስመር ነው። ሦስተኛውን ፎቶ መረጥኩ፤ የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ቁጥሩን ተሳስቶ አንብቦባት የተቆጣች ጊዜ የተነሳ ነው፣ የውጭኛው ቁራጭ ወደ ላይ ነው። ከእኔ በቀር ባሉት መቶ ስልሳ ሁለቱም የቅሬ አባላት ስም ላይ ምልክት አደረግኩና ነካሁት። ስልኩ አንድ በአንድ «ተልኳል፣ ተልኳል» አለ። ሄጄ ፊቴን ታጠብኩ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጋሽ ነቢል ደወሉ። የቅሬያችን ዳኛ ናቸው፣ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው።

«ያፌት፣ የላክኸው ደርሶኛል።»

«ቅንድቧ ይታያል?»

«እኔ ጋ የደረሰው ጽሑፍ ነው። ‹ሙዳይ፣ ኬብሮን፣ ፎቶ 03› ይላል።»

ገብቶኛል። የላክሁት ፎቶውን ሳይሆን ፎቶው የተቀመጠበትን ቦታ ነው። ለመቶ ስልሳ ሁለት ሰው እኔ ስልክ ውስጥ ያለ ቦታ አድራሻ ልኬያለሁ።

«ፎቶውን አይደለም የላክኩት ጋሽ ነቢል። ያለበትን ነው።»

«እሱማ ገባኝ። ስንት ቀን ቀረህ?»

«ሁለት። ይህን ለማስተካከል ደግሞ ቢያንስ ሳምንት ያስፈልገኛል።»



«አባቴ የዚህ ቅሬ ጥሩምባ ነፊ ነበር» አሉ። «ሰው ሲሞት ጎህ ሲቀድ ይነፋና እየዞረ ይናገራል። ፎቶ ይዞ አይዞርም ነበር። ምን ነበር የሚለው? ‹እገሌ ቤት፣ ከድልድዩ በላይ› ነው የሚለው። የሚናገረው ቤቱን ነው። የቀረውን ሰው ሄዶ ያያል።»

«እና?»

«እናማ አንተ ምንም አላጠፋህም፣ አብሽር። ነገ እንመጣለን።»

የሚመጡ አልመሰለኝም። ሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ሲንኳኳ እኔ በአሥራ አራቱ መስመር ላይ ነበርኩ። ጋሽ ነቢል ናቸው፤ ከኋላቸው ሃያ የሚሆን ሰው ተሰልፏል። የኢክራምን አግዳሚ ወንበር አወጣን። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ በሁለት መጽሐፍ አስደግፌ አቆምኩት።

መጀመሪያ የተቸገሩት እርስ በርስ በመተዋወቅ ነው። ለዓመታት የተያዩት በስክሪን ነውና ብዙዎቹ ጎረቤታቸውን አላወቁትም።

«ነቢል ነህ እንዴ? ጥርስህ የት ሄደ?» አላቸው አንድ ሽማግሌ።

«ከሄደ ስድስት ዓመቱ። አንተ ደግሞ መቼ ነው እንዲህ የወፈርከው?»

«እኔ? ሁሌም ወፍራም ነኝ። አይነግሩህም እንጂ።»

ከዚያ አንድ በአንድ ወደ ስልኩ ቀረቡ። የመጀመሪያዋ ሴት ጎንበስ ብላ አየችና ወዲያው ቀና አለች። «ይቺማ በውኃ ወረፋ የሰደበችኝ ናት» አለች፤ ከዚያም አግዳሚው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ፊቷን ስትነካ እጇ ረጠበ። እጇን አየችው፣ ለጎኗ ሰውም አሳየችው።

«አዎ፣ ይሄ ነው» አለች ሌላዋ። «ይሄ ቁራጭ ሲነሳ እኔ ነበርኩ ቀድሜ ከቤቷ የምወጣ።»

«የማን ሥራ እንደሆነ ታውቃላችሁ?» አሉ ጋሽ ነቢል ወደ እኔ እየጠቆሙ። «የዚህ ሰውዬ ነው። ቀበቶ ማጥበቅ ቢያውቅ ኖሮ እስከ ዛሬ ወንደላጤ ነበር።»

ቤቱ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ለቅሶ ቤት ውስጥ የተሳቀ ሳቅ ከሰማሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ በስክሪን ለቅሶ ሁሉም ፈገግ ይላል እንጂ የሚስቅ የለም። ቀጥሎ የመጣችው ሴት በሳቁ መሃል ገብታ ጮክ ብላ አለቀሰች፤ ማንም ነገሩን እንግዳ አላደረገውም።

እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ዘጠና ሰባት ሰው መጣ። ዘጠና ሰባቱም «ይህ የሟች ፊት ነው» በሚለው ወረቀት ላይ ፈረሙ። የሚያስፈልገኝ አሥራ ሁለት ነበር።

ማክሰኞ ሚያዝያ 18፣ አርባኛው ቀን፣ ቀበሌው ሲከፈት መስኮቱ ላይ ነበርኩ። ሽታዬ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ቆጠረችው።

«ዘጠና ሰባት» አለች። «በዚህ መስኮት እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም።»

«ይበቃል?»

«እነዚህ አይተዋል፣ አይደል አባባ?»

«በዓይናቸው።»

«በየስልካቸው ግን አልተቀበሉም።»

«ቤቴ መጥተው ነው ያዩት።»

«ፎርሙ ‹ተቀብያለሁ› ነው የሚለው። ‹አይቻለሁ› የሚል ሳጥን የለውም።» ወረቀቱን በቀዳዳው መለሰችልኝ። ከዚያ ወደ ስክሪኗ ዞራ ትንሽ ጻፈች፣ ቆመች፣ ደግሞ ጻፈች። «ሌላም ነገር አለ። አንድ ምስል በአንድ ቀን ከሃያ በላይ ሰው በአካል ካየው፣ ቦታው የማሳያ ስፍራ ነው። የእርስዎ ቤት ያልተመዘገበ የማሳያ ስፍራ ሆኗል።»

«ምን ይደረግልኛል ታዲያ?»

«ተቆጣጣሪ ይመጣል።»

«ማነው ተቆጣጣሪው?»

«እኔ ነኝ» አለች።

ውህደቱ በዚያው ቀን ማታ ተፈጸመ። ስልኬ የደስታ ደወል አሰማና ቋሚውን ገጽ አሳየኝ። ቆንጆ ሴት ናት። በመንገድ ባገኛት ሰላም አልላትም።

ሽታዬ የመጣችው ሐሙስ ዕለት ነው። ያለ መስታወት ሳያት አገጯ ላይ ብጉር አለ። የተቆጣጣሪ ፈቃዷን አሳየችኝ፤ ለሥራ ጉዳይ ከማኅደር ውጭ ያለ ምስል ለስምንት ደቂቃ ማየት ትችላለች። ስልኩ ፊት ተቀመጠች። መዳፎቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ የሚመታት ነገር ያለ ይመስል ቀስ ብላ ቀና አለች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጠባሳ።»

«ያማል?»

«ያኔ ያማል። በኋላ አያምም።»

«በኋላም እንደዚህ ይቀራል?»

«ይቀራል።»

በጣቷ የራሷን ቅንድብ ነካች፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። ከዚያ አገጯን። «ማነው እንዲህ ያደረጋት?»

«እኔ ነኝ።»

አየችኝ። ስለ ቀበቶው ነገርኳት። ፎርሟን አወጣችና «የምስሉ ምንጭ» በሚለው ቦታ ላይ ምን እንደምትጽፍ አሰበች፤ በመጨረሻ «ባል» ብላ ጻፈች። ስምንቱ ደቂቃ ካለፈ ቆይቷል፤ ሁለታችንም አላነሳነውም።

«አንድ ጥያቄ ይቀረኛል አባባ። የማሳያ ስፍራው በየትኛው ቀን፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ነው ክፍት የሚሆነው?»

«የማሳያ ስፍራ አይደለም እኮ። ቤቴ ነው።»

«ካልሞላሁት ይዘጋል። ከሞላሁት የተመዘገበ ይሆናል።»

ቅዳሜ፣ ከሦስት እስከ ስድስት አልኳት። ጻፈችው።

ይህን የምጽፈው በጥቅምት ነው። ቤታችን በኮምቦልቻ ቁጥር ሦስት የማሳያ ስፍራ ሆኗል፤ በሩ ላይ ትንሽ ቆርቆሮ ተመቷል። ባለፈው ቅዳሜ አሥራ ዘጠኝ ሰው መጣ፤ ሦስቱ ኬብሮንን አያውቋትም፣ የራሳቸውን ሰው ፎቶ በአሮጌ ስልክ ይዘው የመጡ ናቸው። ሽታዬም ቁጥጥር እያለች ትመጣለች። በኮዱ ውስጥ የነበረውን ስህተት በግንቦት አገኘሁት፤ ከአሥራ አራቱ መስመር አንዱ ነው። አላስተካከልኩትም። የአጋራ ቁልፉ እስከ ዛሬ የሚልከው አድራሻውን ብቻ ነው፤ ከላዩ ያለው «ይሄ ይቆይ» የሚለው የእሷ ማስታወሻም እንደነበረ ነው።